የደም ቅዳ ቧንቧን የሚዘጋው ቅባት ብቻ አይደለም

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታትም ሆነ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ እኔ ጮማ አልወድም፣ ጾም አልገድፍም፣ ክብደቴም 50 ኪሎ አይሞላም። ታዲያ የልቤ ደም ሥር እንዴት ይዘጋል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኞቻችን አእምሮ የተቀረጸው የወጥ ቤት ቱቦ ነው፤ ቅባት ሲበዛበት ይደፈናል፣ ቅባት ካልገባበት ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል ብለን እናስባለን።

ይህ ግማሽ እውነት ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል ከሌለ በሽታው አይጀምርም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሌላው ግማሽ ግን ከሳሕናችን ሳይሆን ከራሳችን ደም ይመጣል። ከበሽታ ሊጠብቁን የተፈጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት የገዛ አካላችንን እንደ ጠላት ቆጥረው ሲነሱበት የደም ቅዳውን ግድግዳ ያቆስሉታል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሐኪም ብቻ አይደለም። እናቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባት፣ አባቱ በየጊዜው የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ግድግዳው ሕይወት አለው

ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣውን ደም ወደ መላው አካላችን የሚያደርስ ቧንቧ ነው። እንደ ፕላስቲክ ቱቦ ግዑዝ አይደለም። የውስጡ ገጽ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። ይህ ስስ ልባጭ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ደሙ ሳይረጋ ይፈስበታል። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የሲጋራ ጭስ ወይም ስኳር ሲጎዳው ግን መጥፎ የምንለው ኮሌስትሮል ቅንጣቶች ሾልከው ከልባጩ ሥር ይገባሉ፤ እዚያም ተይዘው ይቀራሉ። ቅቤ ያለ አግባብ ሲቀመጥ ጠረኑ እንደሚለወጥ ሁሉ እነዚህም ቅንጣቶች እዚያው ይበላሻሉ።

የተበላሸ ነገር ሲኖር ጠራጊ ይመጣል። ማክሮፋጅ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸው ቆሻሻን መዋጥ ነው። ቅባቱን ይውጣሉ፣ ይውጣሉ፣ በመጨረሻም በማጉሊያ መነጽር ሲታዩ አረፋ የሞላባቸው መስለው እዚያው ይሞታሉ። ሬሳቸው፣ ቅባቱና ጠባሳው ተደራርቦ ግድግዳው ውስጥ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ከላይ እንደ ቁስል ቅርፊት ያለ ክዳን አለው። ሕዋሳቱ ተቆጥተው ክዳኑን ሲያሳሱት ይቀደዳል፤ በተቀደደበት ቦታ ላይ ደም ይረጋል፤ ቧንቧውም በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። በልብ ላይ ሲሆን የልብ ጡንቻ ይሞታል፣ በአንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ሰውን በድንገት የሚጥለው ቀስ በቀስ የጠበበው ቧንቧ ሳይሆን ይህ የተቀደደው ክዳን ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾው በ1850ዎቹ ይህን በሽታ የቧንቧው ግድግዳ መቆጣት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1913 ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ቅዳቸው ሲጎዳ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይኑን ቅባቱ ላይ ጣለ፤ የቪርሾው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተባለ። በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ዮራን ሃንሶንና ባልደረቦቹ በሰው ጉብታ ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ሲያገኙ ነው የተረሳው ሐሳብ እንደገና የተነሣው።

ወላጆች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። በ1953 የአሜሪካ ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 ወታደሮችን ልብ መርምረው ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው። ከ100ው በ77ቱ ላይ የልብ ደም ቅዳ በሽታ ምልክት ተገኘ። ሕመሙ በሽምግልና ይገለጥ እንጂ የሚጀምረው በወጣትነት ነው።

ዘበኛው በቤቱ ሰው ላይ ሲነሣ

የራስ ሕዋስ ራስን ያጠቃል ሲባል እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን በአገራችን በደንብ የምናውቀው ምሳሌ አለ። በሚገባ ያልታከመ የልጆች የቶንሲል ሕመም ልብን ያበላሻል ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ገጽታው በከፊል ከልብ ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያሠለጠነው ኃይል መለየት አቅቶት የልብን በር ይመታል። ለዚህ ነው ልጆቹ ለዓመታት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉት።

በደም ቅዳ ላይ የሚሆነው ከዚህ ይለያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው፤ የራስንና የባዕድን አለመለየት። ቲ ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ በምትገኝ ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ይሠለጥናሉ። የገዛ አካላችንን ጠላት ነው የሚሉት በአብዛኛው እዚያው ይወገዳሉ። ጥቂቶች ግን ያመልጣሉ። ይህ በሁላችንም አካል ውስጥ ያለ ነገር ነው። ያመለጡትን በልኩ የሚይዙ አብራጅ ሕዋሳት ስላሉን ነው በሰላም የምንኖረው። እነዚህን አብራጆች ያገኙትና አሠራራቸውን የገለጹት ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺና አሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ወደ ደም ቅዳችን እንመለስ። መጥፎውን ኮሌስትሮል የተሸከመው ቅንጣት አፖ ቢ የሚባል ፕሮቲን እንደ መቀነት ታጥቋል። ይህ ፕሮቲን ባዕድ አይደለም፤ የገዛ ጉበታችን የሚሠራው ነው። ሆኖም ተመራማሪዎች አፖ ቢን ለይተው የሚያውቁ ቲ ሴሎችን በሰው ደም ውስጥ አግኝተዋል፤ የልብ ሕመም በሌለባቸው ሰዎችም ጭምር። በአይጦችና በሰው ደም ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት እነዚህ ሕዋሳት መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው የአብራጅነት ጠባይ አላቸው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ቅባት እየበዛ፣ ቁጣው ሳይበርድ ሲቆይ ግን ጠባያቸው ይለወጣል። አብራጅ የነበረው ተዋጊ ይሆናል፤ ማክሮፋጆቹን ይበልጥ ያነሣሣል፤ ክዳኑም ይሳሳል። ጠብ ሊያበርድ የገባ ሽማግሌ ወገን ይዞ ዱላ ሲያነሣ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ቅባቱ እሳቱን የሚቀጥል እንጨት ነው፤ ሕዋሳቱ ደግሞ የሚያራግቡት ናቸው። ቀጭን የሆነ፣ ጮማ የማይበላ ሰው እንጨቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚያራግበው ከበረታ ግን ያም ይነድዳል።

በሰው ላይ የታየ ማስረጃ

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ግምት ነው ይባል ነበር። በ2017 ግን አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከዚህ በፊት የልብ ደም ቅዳቸው ተዘግቶ ለተረፉ ከ10,000 ለሚበልጡ ሰዎች ካናኪኑማብ የተባለ መርፌ ወይም የማስመሰያ መርፌ ተሰጠ። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን ምንም አይቀንስም፤ የሚያደርገው የነጭ ሕዋሳቱን አንዱን የቁጣ መልእክት መዝጋት ብቻ ነው። በመካከለኛው መጠን ከተወጉት ላይ ዳግመኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በዚህ ሳቢያ የሚመጣ ሞት በ15 ከመቶ ቀነሰ። ቁጣው የበሽታው ምክንያት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ነገር ግን መርፌውን ከወሰዱት መካከል በኢንፌክሽን የሞቱት በመጠኑ በዙ። ዘበኛውን ዝም ስታሰኘው ሌባም ይገባል። መድኃኒቱ እጅግ ውድ ነው፤ ለልብ ሕክምናም አልተፈቀደም።

ቀጥሎ ሜቶትሬክሴት ተሞከረ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። በ2018 ውጤቱ ሲታይ ለልብ ሕመምተኞች አልጠቀመም። (ለመገጣጠሚያ ሕመም ታዝዞላችሁ የምትወስዱ እንዳታቋርጡ፤ እዚያ ላይ ሥራውን ይሠራል።) በ2020 ደግሞ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን በትንሽ መጠን ከ5,500 በሚበልጡ የቆየ የልብ ደም ቅዳ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ አደጋውን በ31 ከመቶ ቀነሰ። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚሁ ፈቀደው። በ2024 የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ግን የልብ ቧንቧ በተዘጋ ሰሞን ለተጀመረላቸው ሰዎች ጥቅም አላገኘበትም። ስለዚህ ለሪህ ከተሰጣችሁ ኮልቺሲን ለባላችሁ ወይም ለአያታችሁ ልብ ብላችሁ አታካፍሉ። መጠኑ ትንሽ ካለፈ፣ ወይም ኩላሊት ደካማ ከሆነ፣ መርዝ ነው።

ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ?

በአንድ ሆስፒታል በክትትል ክፍል ስሠራ የማልረሳቸው እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው 50ዎቹ ውስጥ ነው፤ ቀጭን፣ ሥራ የማያውቅባቸው አካል የሌላቸው ሴት። የእጆቻቸው ጣቶች በመገጣጠሚያ ሕመም ጠማምተዋል። የመጡት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ፣ ብርድም መቶኝ ነው መሰል ትከሻዬን ያዘኝ» ብለው ነው። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን መድኃኒት ፈትተው አሳዩኝ፤ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ነበር፤ ለዓመታት ያለ ማዘዣ ሲገዙት የኖሩ። ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ አላማረኝም። የልብ ምርመራው ወረቀት ሲወጣ ጨጓራ አልነበረም፤ የልባቸው ደም ቅዳ ተዘግቷል። ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በፊት ግን በሕመማቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ልባቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያየው ጣቶቻቸውን ነበር።

እንደ እኚህ እናት ያሉት ናቸው በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የማስባቸው። በተለምዶ ቁርጥማት የምንለው ብዙ ዓይነት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው፣ ጠዋት ጠዋት የሁለቱንም እጆች ጣቶች አሳብጦ የሚያደርቀው፣ የመከላከያ ሕዋሳት የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቁበት በሽታ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ይህ ሕመም ያለበት ሰው የልብ አደጋ ግምቱ በአንድ ተኩል እንዲባዛ ይመክራል። ሉፐስ የሚባለው ሕመም ደግሞ ይብሳል። በ1997 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች የልብ ደም ቅዳቸው የመዘጋት ዕድል ከሌሎች እኩዮቻቸው ከ50 ጊዜ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ደረቴን አመመኝ ስትል ማንም ልብ ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንም አሉ። መድኃኒቱ ዕድሜ ሰጥቷቸው ዛሬ አያት ሆነዋል። ቫይረሱ በደም ውስጥ ባይታይም የመከላከያ ሕዋሳቱ ሙሉ በሙሉ አይረጋጉም፤ ስለዚህ የደም ቅዳ ሕመም በእነሱ ላይ ይበዛል። ኡጋንዳን ጨምሮ በ12 አገሮች ወደ 7,800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2023 የወጣ ጥናት፣ ፒታቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት አደጋውን በ35 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለክትትል ስትሄዱ ስለ ልባችሁም ጠይቁ።

«ቁጣ ከሆነ የቁጣ መድኃኒት ልውሰድ?»

እስከዚህ ያነበበ ሰው ይህን ማሰቡ አይቀርም። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም የቁጣ ማብረጃ ተብለው ይሸጣሉ፤ በየቤቱም አሉ። ነገር ግን ለደም ቅዳ እነዚህ ጠላት እንጂ ወዳጅ አይደሉም። ደም እንዲረጋ ያግዛሉ፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትን ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ። ከዚሁ ወገን የሆነው ቫዮክስ የተባለ መድኃኒት በልብ ላይ ባመጣው ጉዳት በ2004 ከዓለም ገበያ ወጥቷል። በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሐኪሞች በከፍተኛ መጠን ዘወትር የሚወሰድ ዲክሎፌናክ የልብና የስትሮክ አደጋን በሲሶ ያህል እንደሚጨምር አግኝተዋል። ኢቡፕሮፌን ደግሞ ለልብ ተብሎ በየቀኑ የሚወሰደውን አስፒሪን ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎንም ቢሆኑ በሐኪም እጅ ትልቅ መድኃኒቶች ናቸው። ለወራት ያለ ክትትል ሲወሰዱ ግን ስኳር ያነሣሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። በድንገት ማቋረጥም ያንኑ ያህል አደገኛ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ ከነበረ ዛሬውኑ ከመጣል ይልቅ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል።

ልብን የሚጠብቀው መድኃኒት ስሙ ያን ያህል አይገንንም። ስታቲን ነው፤ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን። እንጨቱንም ይቀንሳል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። በተደጋጋሚ የማየው ችግር «ኮሌስትሮልህ ወርዷል» ሲባሉ የሚያቋርጡት መኖራቸው ነው። የወረደው መድኃኒቱ ስላለ ነው። ጡንቻ ካመማችሁ ወይም ሌላ ነገር ከተሰማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ በራሳችሁ አትወስኑ።

ቤተሰቡ ከነገ ጀምሮ

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሉፐስ፣ ወይም የቆየ የቆዳ ሕመም እንደ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው በቤታችሁ ካለ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ሦስት ነገር ይለካ፤ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል። ሐኪሙ ስለ ጣቶች ብቻ ካወራ እናንተ አስታውሱት። ሕመሙን ራሱን በአግባቡ ማከምም ልብን መጠበቅ ነው፤ ቁጣው በመገጣጠሚያ ሲበርድ በደም ቅዳም ይቀንሳልና።

በማዕድ በኩል የጾም ምግባችን ጥሩ መሠረት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና እንጀራ ልብን አይጎዱም፤ የሚጎዳው የምንሠራበት ነው። የሚረጋው ዘይት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፤ የማይረጋውን፣ ያም በልኩ፣ መጠቀም ይሻላል። ጨውም ይቀነስ። በቤት ውስጥ ሲጋራ ወይም ሺሻ አይጨስ፤ የልጆቹም የደም ቅዳ ልባጭ የሚጎዳው በዚሁ ጭስ ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ደግሞ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትን መድኃኒትም ተሻለው ብላችሁ ሳታቋርጡ ጨርሱለት።

ምልክቶቹን ሁሉም የቤቱ ሰው ይወቅ። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር። በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደረት ሳያም የማቅለሽለሽና የድካም ስሜት ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ስትሮክ ነው። እንዲህ ሲሆን ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ምች ነው እያልን ፌጦና ዳማከሴ ስንፈልግ የምናጠፋው ሰዓት የልብና የአንጎል ሥጋ የሚሞትበት ሰዓት ነው። መኪና ፈልጋችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

በመጨረሻ ለልጆችና ለልጅ ልጆች አንድ አደራ አለኝ። በዚህ ሳምንት እናታችሁን ወይም አያታችሁን ስትጠይቁ የመድኃኒት ቋጠሯቸውን እንዲያሳዩአችሁ ለምኗቸው። ለጉልበት ተብሎ የሚወሰደው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ከእሳቸው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ «ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን ልባቸውንም እዩልን» በሉ።

ጤናችሁን ያብዛላችሁ።